አዲስ ዕቃ ምን ይታጠባል!

ኮምፒውተራቸውን በውሃ ከሚያቀዘቅዙ ሰዎች መካከል የአንዳንዶቹ እምነት የሚያስቀና ነው፦ ከካርቶን የወጣ ዕቃ ሁሉ ንጹሕ ነው። አዲስ ራዲያተር ማጠብ ለእነሱ ድካም ብቻ አይደለም፤ አምራቹን በሌብነት እንደ መጠርጠር ያለ ነውር ነው። ጨዋ ሰው ላስቲኩን ይቀዳል፣ ቱቦውን ይሰካል፣ ባለቀለሙን ፈሳሽ ሞልቶ ፎቶ ያነሳል። ለዚህ እምነት ትልቁ ጠንቅ ራዲያተር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነው። የመዳብና የናስ ክፍሎቹ በብየዳ ሲያያዙ፣ ብየዳው እንዲይዝ ፍላክስ ይቀባል። የፍላክስ ሥራ የብረቱን ዝገት መብላት ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ግን ጡረታ አይወጣም፣ የተረፈው በቱቦዎቹ ውስጥ ደርቆ ይቀመጣል። የብየዳ ፍንጣሪና የብረት ብናኝም አብሮት ሊያድር ይችላል። ደግነቱ ውጪው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያምራል፤ ውስጡ ደግሞ አይታይም። የማይታይ ነገር የለም ማለት ነው።

ፓምፑ ሲነሳ ይህ ሁሉ ጓዝ ጉዞ ይጀምራል። ማረፊያውም ሲፒዩው ላይ የተቀመጠው ብሎክ ነው። በብሎኩ ውስጥ የተፈለፈሉት ቦዮች ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ፍርፋሪውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ። እንዲህ ያለ ውድ ማጣሪያ የትም አይገኝም! ፍሰቱ ሲደክምና ሙቀቱ ሲወጣ ባለቤቱ ማራገቢያ ይጨምራል፣ ሙቀት አስተላላፊውን ፓስታ ይቀይራል፣ ፓምፑን ይረግማል፤ ራዲያተሩን ግን አይጠረጥርም፣ አዲስ ነዋ።

«ፋብሪካው አጥቦታል» ይሉናል። የሚያጥብ አለ፤ ነገር ግን ብዙ አምራቾች ከመግጠም በፊት ይታጠብ ብለው ራሳቸው በመመሪያቸው ይጽፋሉ። ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ ልጋግር የሚል ሰው ቢያንስ ሸክላ ሠሪዋ አሟሺው አላለችኝም ብሎ ማመካኘት ይችላል፤ እነዚህ ግን የሚያመልኩት አምራች የጻፈውን ወረቀት ከካርቶኑ ጋር ይጥላሉ። «ፈሳሹ ፀረ ዝገት አለው» የሚሉም አሉ። አለው፤ የተመጠነው ግን ለንጹሕ ብረት እንጂ የሌላውን ትራፊ እንዲያስታምም አይደለም። ፍላክስ ሲቀላቀልበት ቀለሙ ይቀየራል፣ ውስጡ ያለው ነገር ይረጋል፤ ያኔ ፎቶው ይሰረዛል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ማጠብም ያበላሻል የሚለው ነው፤ እውነትም አለው። አቼቶ የሚደፉ ጀግኖች የብሎኩን የኒኬል ልባጥ ያስበላሉ፣ አልኮል አክሪሊክን ይሰነጥቃል፣ የፈላ ውሃ ጠንካራውን የፕላስቲክ ቱቦ ያጣምማል፣ የቧንቧ ውሃም ማዕድኑን ትቶ ይሄዳል። ይህ ግን አስተጣጠብን ይነቅፋል እንጂ ማጠብን አያስቀርም። ለራዲያተር ሙቅ ውሃ እስከ ግማሽ ሞልቶ መናጥ፣ መድፋት፣ እስኪጠራ መደጋገም፣ በመጨረሻ በዲስትልድ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል፤ ለብሎኩ ዲስትልዱ ብቻ። ከፋብሪካ ታሽጎና ተሞልቶ የሚመጣው ማቀዝቀዣ ብቻ በሕጋዊ መንገድ ከመታጠብ ነፃ ነው፤ እሱን ደግሞ ፈትቶ ለማጠብ የሚታገል አይጠፋም። እምነቱን እስከ መጨረሻው ለመጠበቅ የቆረጠ ሰው ግን አንድ ምክር ይስማ፦ የመጀመሪያውን እጣቢ በነጭ ሳሕን እንዳይቀበል።