በቀጥታ ከእንፍራንዝ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ዳዊት ልደግም ስልኬን ከፈትሁ። ዳዊቴ ስልኬ ውስጥ ነው፤ 151ዱም መዝሙር ከነውዳሴ ማርያሙ ተጭኖልኛል። የጫነልኝ የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ መጽሐፍ መሸከም ቀረ» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ መሸከሙ ቀረ። ችግሩ መድገሙም አብሮት መቅረቱ ነው። ገና ማማተቤን ሳልጨርስ ከስልኩ ጫፍ አንዲት ቀይ ነጥብ ብልጭ አለች። ማን እንደጠራኝ ብቻ አይቼ ልመለስ ብዬ ወጣሁ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ራሴን ያገኘሁት የማላውቀው የሩቅ አገር ሰው ጫካ መሀል ጭቃ እየጠፈጠፈ የመዋኛ ገንዳ ሲሠራ እያየሁ ነው።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ዛሬ ከዳዊቱ ስንተኛው ንጉሥ ላይ ደረስህ?» አለችኝ።

«ገንዳው ሊያልቅ ነው» አልኋት።

በእንፍራንዝ ሰው ዘንድ ግን እኔ «የሚዲያ ሰው» ነኝ። ሹመቱ የመጣው በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስብሰባ ላይ ነው። «ጥሩ ስልክ ያለው ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ዞሮ አየኝ። ማየት የሚችል ስልክ እንጂ ማየት የሚችል ሰው ይፈለጋል ያለ አልነበረም።

ለማያውቁን ልንገር፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ አዲስ ዘመንን አልፈው ያገኙናል። ከኮረብታችን ላይ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት የጉዛራ ግንብ አለ፤ ቁልቁል ጣናን እያየ ጎንደር ሳትቆረቆር ጀምሮ ቆሟል። መንገደኛው ግን በመኪና መስኮት ያየንና «ጎንደር ስንት ሰዓት እንገባለን?» ይላል። እናም ሽማግሌዎቻችን «እስቲ ዓለም ይወቀን» ሲሉ የእንፍራንዝ ተስፋ በእኔ ባትሪ ላይ ወደቀ።

የመጀመሪያው ቀጥታ ስርጭቴ በጥምቀት፣ ጥር 11 ቀን 2015 ዓ.ም ነበር። ካህናቱ ያሸበሽባሉ፣ ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል። ፀሐዩ የስልኩን መስታወት ስላነጣብኝ ምን እንደሚታይ አላይም፤ ቢሆንም ስልኩን ደረቴ ላይ አስደግፌ በጋዜጠኛ ድምፅ «ውድ ምእመናን፣ እንደምትመለከቱት...» እያልሁ 20 ደቂቃ አስተላለፍሁ። ኋላ ዛፍ ጥላ ሥር ገብቼ ሳይ ምእመናን የተመለከቱት አፍንጫዬን ነው። ስልኩ የሚቀርጸው በፊት ለፊቱ ካሜራ፣ ያውም ከታች ወደ ላይ ነበር።

ተመልካቾቼ 11 ነበሩ። አንዱ «ወንድሜ፣ ጉንፋን ይዞሃል መሰለኝ» ብሏል። ሌላው «ጸበሉ ከየትኛው ቀዳዳ ነው የሚፈልቀው?» ብሎ ጠይቋል። ከሁሉ በታች ግን አንዲት ልጅ ከቤይሩት የጻፈችው ነበር፤ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የእኛው ከተማ ልጅ ናት። «ስለ እመብርሃን ካሜራውን አዙርልኝ። እናቴ ከሴቶቹ መሀል ናት፤ ነጭ ነጠላ ለብሳለች» ትላለች።

ቀና ብዬ ባይ የአገሩ ሴት ሁሉ ነጭ ነጠላ ለብሷል! ቢሆንም እናትየዋን አውቃቸዋለሁ። ሮጥሁ፣ ካሜራውን አዞርሁ፣ ሰው ገፈተርሁ፤ «ያውልሽ፣ እዚያ ጋ...» ስል ስልኩ ድርግም አለ። ባትሪው አልቋል። የጨረሰው አፍንጫዬ ነው።

ከዚያ ከሦስት ቀን በላይ አልቆየም፤ ጥር 14 ከቅዱስ ሲኖዶስ እውቅና ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት መካሄዱ ተሰማ፤ ቤተ ክርስቲያንንም ከባድ ፈተና ገጠማት። በጾመ ነነዌ ምእመኑ ጥቁር ለበሰ፤ በየስልኩ ያለው የመገለጫ ሥዕልም ሳይቀር ጠቆረ። እኔም በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም፤ የመጣልኝን ሁሉ ሳጋራ አድር ነበር። እንዲህ ሳልተኛ የማድረው ለቅዱስ ያሬድ ማሕሌት ቢሆን ኖሮ ዛሬ መሪጌታ በሆንሁ።

አንድ ሌሊት ማኅተም ያለበት «መግለጫ» ደረሰኝ። በቁጣ የተጻፈ ነው፤ ቁጣው ደግሞ የእኔን ቁጣ አከለ። ሳላጣራ ለቀቅሁት። በሁለተኛው ሰዓት ሐሰት መሆኑ ታወቀና አጠፋሁት። ከእኔ ስልክ ጠፋ ማለቴ ነው። አክስቴ ዘንድ ግን ደርሶ ነበር።

አክስቴ የደረሳትን ሁሉ ለ12 ሰው ትልካለች። ድሮ አንድ ቀን «ይህን ለ12 ሰው ያልላከ በረከቱ ያመልጠዋል» የሚል መልእክት መጣላት፤ እስከ ዛሬ ከዚያ ቁጥር ዝቅ አላለችም። በቅርቡ ኮምፒውተር የሣለውን ባለ ስድስት ጣት መልአክ «አሜን በሉ» ብላ ልካልን ነበር። ጣቱን ቆጥሬ ባሳያት «ለሰማይ ሰው አንድ ጣት ቢጨመር ምን ይገርማል?» አለችኝ። እንግዲህ የእኔን ሐሰተኛ መግለጫ እሷ ለ12፣ እነዚያ 12ቱም እያንዳንዳቸው ለ12፣ 144ቱም እንዲሁ ቢያደርጉ በሦስተኛው ዙር 1,728 ሰው ቤት ገብቷል። ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እምቦጭን አይተናል። አበባው ሐምራዊና የሚያምር ነው፤ አንዱን ነቅለህ ዞር ስትል ሐይቁን ሞልቶት ታገኛለህ። ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከርሟል፤ እኔ የለቀቅሁትን የሚነቅል ገበሬ ግን ከየት ይመጣል?

ወደ አክስቴ ሮጥሁ። «እትዬ፣ ያ የላክሁት ውሸት ነው እኮ!»

«ታዲያ አንተ አይደለህ የላክኸው? እኔ አንተን አመንሁ እንጂ ስልክ መች አመንሁ!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ከጣት የወጣው ግን አፋፉንም ተሻግሮ ሄዷል፤ ይዞ የሄደውም የእኔን ስም ነው።

የካቲት ላይ ማኅበራዊ ሚዲያው ተገደበ፤ አምስት ወር ያህልም ቆየ። የሰንበት ተማሪዎቹ «ቪፒኤን ካለ ይከፈታል» ሲሉ አክስቴ «የማን ልጅ ነው እሱ?» ብላ ጠይቃለች። ሐምሌ ላይ ተለቀቀ ብለን እፎይ ስንል ወር ሳይሞላ፣ በዚያው በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ፣ ክልላችን ግጭት ውስጥ ገባና የሞባይል ዳታው ጨርሶ ተቋረጠ። ይህኛው ቪፒኤን የተባለውም ልጅ የሚደርስበት አልነበረም። በዚያ ወቅት የሆነው ሁሉ ለወግ አይመችም፤ እኔ የምናገረው የስልኬን ብቻ ነው።

ስልኬ ዝም ሲል የሰፈሬን ድምፅ ሰማሁ። ወሬው ወደ ጥንት ቤቱ፣ ወደ ቡናው ረከቦት ተመለሰ። ልቅሶም በእግር መድረስ ግድ ሆነ። አንድ ቀን ሐዘን ላይ ተቀምጬ ሳለ ከአራት አጥር ወዲያ የሚኖሩ ጎረቤታችን ትክ ብለው አዩኝ። ባለቤታቸው ያረፉት ያን ጊዜ ዓመት ሊሆናቸው ነበር።

«አንተ፣ በእግርህም ትሄዳለህ?» አሉኝ።

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«የእኔ ለቅሶ ጊዜ በስልክ ደርሶልሻል አሉኝና እግርህን ታመህ መስሎኝ ነበር። እኔ ስልክ የለኝም።»

እውነትም በጊዜው ከባለቤታቸው ፎቶ ሥር «ነፍስ ይማር» ብዬ ጽፌ ነበር። 63 ሰው ወዶልኛል።

በዚህ ኃፍረት ላይ ሳለሁ የኔታ ዘንድ ሄድሁ። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ብራና ፍቀው መጽሐፍ ጽፈዋል። ያላቸው ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ እሱንም ሲደወልላቸው ብቻ ነው የሚያስታውሱት።

«የኔታ፣ ዳታ ጠፍቶ አገልግሎታችን ቆመ» አልኋቸው።

«ቅዳሴው ቆመ?»

«የለም፣ የሚዲያው አገልግሎት ነው።»

«እኮ፣ ምን ምን ትሠሩበት ነበር?»

ነገርኋቸው። ስብከት እንደምንለቅ፣ ጉባኤ እንደምንጠራ፣ ባሕር ማዶ ያሉ ልጆች ቅዳሴ እንደሚሰሙበት። ሐሰተኛውንም መግለጫ አልደበቅሁም። ዝም ብለው ሰሙኝና «እኔ ዘንድ ያለ ተማሪ» አሉ፣ «ቅኔ ሲቆጥር ለብቻው ዱር ገብቶ ይውላል። ማታ መጥቶ ለእኔ ይነግረኛል። የተጣመመውን አቃናለታለሁ። ሳያስቃና መቅደስ ገብቶ ቢቀኝ ምን ይባላል?»

«ድፍረት።»

«አንተስ ለማን ነግረህ ነው የምትለቀው?»

መልስ ስላጣሁ ወሬ ለመቀየር ወደ ከተማችን ታሪክ ዞርሁ። በገጻችን ላይ የጻፍሁትን አወራኋቸው። «ሐተታ» የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ እንደሚለው ደራሲው ዘርዓ ያዕቆብ ሰው በንጉሥ ሱስንዮስ ዘንድ አሳጥቶት ከአክሱም ሸሸ፤ ዳዊቱን ይዞ ዋሻ ገባ፤ ኋላም እንፍራንዝ መጥቶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ዳዊት እየገለበጠ፣ ልጆች እያስተማረ ኖረ። ስለ ሃይማኖት ያሰበው ሁሉ በሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ የሚነበብ አይደለም እንጂ የከተማችን ስም ዓለም ላይ የተጠራው በእሱ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሊቅ «ሐተታውን የጻፈው ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ሚስዮናዊ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ፌክ አካውንት በሚል ክስ እንፍራንዝን የሚቀድም ከተማ አለ?

የኔታ ፈገግ አሉ። «ክርክሩን ለሊቃውንቱ ተውላቸው። ለመሆኑ አንድ ዳዊት ስንት ፍየል ይፈጃል?»

«ፍየል?»

«ብራናው ከምን ይመጣል ብለህ ነው? ፍየሉ ይታረዳል። ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ ይወጠራል፣ ጠጉሩ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል። በወስፌ ይወጋል፣ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ቀዩ ለአምላክና ለእመቤታችን፣ ለቅዱሳኑም ስም ይቀመጣል። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። ይህን ሁሉ የደከመ ሰው የማይረባ ነገር ይጽፍበታል?»

«አይጽፍም።»

«እንግዲያስ አንተም ከመልቀቅህ በፊት ‹ለዚህ ነገር ፍየል አርድለት ነበር?› በል። ካላረድህለት ተወው። ደግሞ ቀዩ ቀለም ለጸሐፊው ስም እንዳልሆነ አትርሳ።»

የመጨረሻዋ ስለ አፍንጫዬ መሆኗን ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቤቴ ገብቼ የድሮ ልጥፎቼን በፍየል መመዘን ጀመርሁ። በዚያ ሂሳብ ቢሆን ኖሮ ከደምቢያ እስከ ፎገራ የፍየል ዘር ባልተረፈ! ጾም ሲገባ የለጠፍሁት የምግብ ቀልድ፣ ከሌላ ቤተ እምነት ሰው ጋር ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ የተሰዳደብሁት፣ ለነዳያን ዳቦ ስሰጥ እጄ ጎልቶ ዳቦው ደብዝዞ የተነሣሁት ፎቶ፤ ለአንዱም ጠቦት እንኳ አላርድም። «ቤተ ክርስቲያን ልናሠራ ነው» ብሎ የባንክ ቁጥር የለጠፈውን ሁሉ ሳላጣራ ማጋራቴማ የሌላ ሰው ፍየል እንደማረድ ነው። ያለፉት ጥቂቶች ናቸው፦ ደም ለሚያስፈልጋት ወላድ የተጠራ ጥሪ፣ ከቤት የጠፋ የአእምሮ ሕመምተኛ ፎቶ፣ ሐዘን ላይ ላለ ሰው በግል የተላከ የመምህር ድምፅ። አክስቴንም መመዘኛውን አስተማርኋት። «ለ12 ሰው ስትልኪ 12 ፍየል ነው» ብላት ደነገጠች። ትንሽ አሰበችና «በግ አይሆንም?» አለች።

ጥምቀት 2016 መጣ። ዳታ የለም፤ ቀጥታ ስርጭት የለም፤ 11 ተመልካችም የለኝ። ስልኬን ግን ሞልቼ ወጣሁ። የቤይሩቷን ልጅ እናት ከሴቶቹ መሀል ፈልጌ አገኘኋቸው። በዚያ ዓመት ደውለው የልጃቸውን ድምፅ ይሰሙ ነበር፣ ፊቷን ግን አላዩም፤ እሷም የእሳቸውን።

«እማማ፣ ለልጅዎ አንድ ነገር ይበሏት» ብዬ ካሜራውን፣ ኋለኛውን ካሜራ፣ ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ወደ እሳቸው አዞርሁት።

ነጠላቸውን አስተካክለው «አሁን ታየኛለች?» አሉ።

«አሁን አታይዎትም። ኋላ ነው የምትደርሳት።»

«እንደ ደብዳቤ?»

«እንደ ደብዳቤ።»

ሦስት ደቂቃ ተናገሩ፤ የተናገሩት የእናትና የልጅ ነው። ይህን ያየ ሰፈርተኛ ሁሉ «ለእኔም፣ ለእኔም» ብሎ ተሰለፈ። መንገዱ የሚያስኬድበት ቀን ተጠብቆ አዲስ አበባ ስወርድ ስልኬ ውስጥ 19 የሰላምታ ቪዲዮ፣ ኪሴ ውስጥ የ19 ሰው ስልክ ቁጥር የያዘ ወረቀት ነበር። የአውቶቡሱ፣ የአልጋውና የምግቡ ወጪ ቢደመር ደህና ፍየል ይገዛ ነበር። በሁለት ሺህ ዘመን ውስጥ ከሐዋርያት ቀጥሎ መልእክት በእግሩ ያደረሰ ሰው የሆንሁ መሰለኝና ትንሽ ኮራሁ። ኩራቱን የኔታ አላዩብኝም።

ከአዲስ አበባ፣ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ፣ የመጀመሪያውን ለቤይሩቷ ልጅ ላክሁ። መድረሱን አየሁ፤ መከፈቱን አየሁ። ቪዲዮው ሦስት ደቂቃ ነው፤ እሷ ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም አለች። ኋላ መልእክት መጣ፦

«እናቴን አየኋት። ጠጉሯ ነጭቷል። የላክሁላትን ነጠላ ነው የለበሰችው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጨመረች፦

«ዘንድሮ አፍንጫህን አላየሁትም፤ ደኅና ነህ?»