ቁራ የጠራው ስብሰባ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በመንዝ ምድር፣ ከመሀል ሜዳ ከተማ ወዲያ፣ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ከፍታው ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ ሌሊት ውርጩ አጥንት ይሰብራል፣ ረፋድ ላይ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሜዳውን ይሞላዋል። በዚያ ደጋ ጭላዳዎችና ቀይ ቀበሮዎች ይኖሩ ነበር። አብረው ይኖሩ ነበር ለማለት ግን አፍ አይሞላም። ጭላዳ ሣር በል ነው፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ አዳኝ። ጭላዳው ሲመሽ ወደ ገደሉ ይወርዳል፣ ቀበሮው ሜዳ ላይ ያድራል። ልጅ ተዳድረው አያውቁም፣ ማኅበር አልጠጡም፣ እድር የላቸውም። ብቻ ፀሐይ ሞቅ ስትል መንጋው ገደሉን ወጥቶ ይበተናል፤ እያንዳንዱ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣሩን ይነጫል። በዚህ መሀል አንዲት ቀበሮ ትመጣና በመካከላቸው ታልፋለች።

አስተላለፏን በደንብ ልንገራችሁ፣ የነገሩ ሥር እሱ ነውና። አትሮጥም፣ አትዘልም። እግሯን አንሥታ በዝግታ ታስቀምጣለች። ግልገል አጠገቧ ሲገለባበጥ ዓይኗን ወደ እሱ አትመልስም። ልጇን ካዘለች ጭላዳ በክንድ ርቀት ስታልፍ እናቲቱ ሣር መንጨቷን አታቆምም። ቀበሮዋ አንዲት የአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ትደርሳለች፤ ጆሮዋን ቀስራ ትቆማለች፤ ትቆያለች፤ ድንገት አፍንጫዋን ትወረውራለች። አይጧን ዋጥ አድርጋ እንደገና በዝግታ መንገዷን ትቀጥላለች። ቀበሮዎች ማደሪያቸው አንድ ላይ ቢሆንም ለአደን የሚወጡት ለየብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚታየው ሁልጊዜ አንዲት ቀበሮ በብዙ ጭላዳ መሀል ስትሄድ ነው።

ከስንት ዘመን ጀምሮ እንዲህ እንደኖሩ የሚያውቅ የለም። ማንም ለማንም ቃል አልገባም። ቃል ኪዳን ቢኖር ኖሮማ አፍራሽ አይጠፋለትም ነበር።

በዚያው አገር አንድ ቁራ ነበር፤ መንቁሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት። ይህ ቁራ ከተማ መዋል ያዘወትራል። መሀል ሜዳ ውስጥ ሰዎች ከሚሰበሰቡበት አዳራሽ ጓሮ ዛፍ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ የሄደው ለዳቦ ቁራሽ ነበር። ሲውል ሲያድር ጆሮው ወደ መስኮቱ አዘነበለ፣ ከዳቦው ይልቅ ንግግሩ ጣመው። አጀንዳ፣ ግምገማ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የአቋም መግለጫ የሚሉትን ቃላት ሁሉ ለቀመ። ከኖኅ ዘመን ጀምሮ ተልኮ የማይመለስ እየተባለ ስሙ የጠፋ ወገን ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ የከበረ መልእክት ይዞ መመለሱ ለእሱ ትልቅ ነገር ነበር። አልፈርድበትም።

አንድ ቀን በጭላዳዎቹ መሀል ዐርፎ አንዷን አሮጊት፣ እማማ ጭላዳ የሚሏትን፣ ጠየቃት።

«እማማ፣ ለመሆኑ እናንተ ከቀበሮዎች ጋር ተገናኝታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ዛሬ ጠዋት በዚህ አልፋለች፤ ምነው?»

«እሱማ መተላለፍ ነው እንጂ ምኑ መገናኘት ነው? እኔ የምለው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ገመናን ገልጦ፣ የሆድን አውጥቶ መገናኘት ነው።»

እማማ ጭላዳ የያዘችውን ሣር አኝካ እስክትጨርስ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለች። «አያ ቁራ፣ እኛ ብዙ ዓይነት መገናኘት እናውቃለን። ከነብር ጋር የምንገናኘው አንዴ ነው፤ የተገናኘው ተመልሶ አልነገረንም። ከውሻ ጋር በሩጫ እንገናኛለን፣ እኛ ከፊት እሱ ከኋላ። ከገበሬው ጋር ገብሱ ማሳ ውስጥ እንገናኛለን፣ እሱም በወንጭፍ ይቀበለናል፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ ጥፋቱ የኛ ነው። ከብርዱ ጋር ገደል ላይ ተቃቅፈን እንገናኛለን። ወንዶቻችን እርስ በርስ የሚገናኙት ከንፈራቸውን ገልብጠው ጥርስ እያሳዩ ነው፣ የአንዱ ቤት ለሌላው እስኪለቀቅ። ከቀበሮ ጋር ደግሞ በአካሄድ እንገናኛለን። ከዚህ ሌላ ካለ አስተምረን።»

«አለ እንጂ! ስብሰባ ይባላል» አለ ቁራ።

ወጣት ወንዶቹ ነገሩን ወደዱት። ወጣት ወንድ የሚናገርበት መድረክ ሲያገኝ የሚጠላበትን አገር እኔም አላየሁም። ቀበሮዋ ግን «እስከዚያ አይጡን የሚያድንልኝ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ቁራ የሻይ እረፍት እንዳለ ነግሮ አስማማት።

ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ቁራ ከአንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሊቀመንበርም ጸሐፊም ሆነ። ጭላዳዎች በስተቀኝ፣ ቀበሮዎች በስተግራ እንዲቀመጡ አዘዘ። የመጀመሪያው አጀንዳ ትውውቅ ነበር፤ ነገሩም የተበላሸው እዚሁ ላይ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እነዚህ ፍጥረታት ሲተያዩ የኖሩት በጎን ነበር። አሁን ፊት ለፊት ሲፋጠጡ ጭላዳው የቀበሮን ክራንቻ አየ፣ ቀበሮውም የአውራ ጭላዳን ክራንቻ አየና ከራሱ እንደሚረዝም ተረዳ። ሁለቱም ወገን ሲያስተውለው የኖረው አካሄድን ነበር፤ ዛሬ ጥርስ ቆጠራ ተጀመረ።

ሁለተኛው አጀንዳ ያለፈውን መገምገም ነበር። አንድ በቅርቡ አውራ የሆነ ጎረምሳ ጭላዳ ተነሣ።

«እኔ የምጠይቀው አጭር ጥያቄ ነው። ያ ገደል ለገደል የሚያሳድደን ውሻ የማን ዘመድ ነው? የቀበሮ የአጎት ልጅ አይደለም?»

ተጨበጨበ። ቀበሮዋ «ውሻ እኔንም ያሳድደኛል፤ የእብደት በሽታውን እያመጣ ልጆቼን ይፈጅብኛል» ብላ መለሰች። ይህ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም። ቁራ በዚያች ሰዓት ጭብጨባውን እየመዘገበ ነበር።

ከወዲያኛው ወገን ደግሞ ገና ለአደን የደረሰ የቀበሮዋ ወንድ ልጅ ብድግ አለ። «የግልገል ነገር ከተነሣ ልናገር» አለ፤ ማንም ግን አላነሣም ነበር። «አዲስ አውራ የሌላውን ቤት ሲወርስ የቀድሞውን አውራ ግልገሎች የሚገድለው ማን ነው? እኛ ነን?»

ይህም እውነት ነበር። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበር። ተሰብሳቢው የእያንዳንዱን እውነት እንደ ድንጋይ እያነሣ ወደ ማዶ ወረወረው።

በዚህ ሁሉ መሀል የጓሳ አይጦች ከየጉድጓዳቸው ወጥተው እንዲህ ያለ ቀን አይተው አያውቁም ነበር። ወደ ስብሰባው የጠራቸው ባይኖርም፣ ስብሰባው እንዲራዘም ከልቡ የተመኘ ቢኖር እነሱ ብቻ ናቸው።

የአቋም መግለጫው ሊነበብ ሲል ከመንደሩ አቅጣጫ የውሾች ጩኸት ተሰማ። ሁሉም ሲከራከር ዘብ የቆመ አልነበረምና ውሾቹ ቀርበዋል። ጭላዳዎቹ እየተንጫጩ ወደ ገደሉ ተወረወሩ፤ ቀበሮዎቹም ተበታተኑ። ቁራ ከላይ እየዞረ «ስብሰባው ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል!» እያለ ጮኸ።

በማግስቱ መንጋው እንደ ልማዱ ወጣ፤ ቀበሮዋም መጣች። እንደ ልማዱ ያልሆነው ሌላው ነው። እሷ ስታልፍ እናቶቹ ሣሩን ትተው ልጆቻቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። ቀበሮዋም እስከ ዛሬ ዓይኗን ወደማትመልስበት ግልገል ዓይኗ ሄደባት። ማንም ምንም አላደረገም፤ ሆኖም የዚያን ቀን ሣሩም ሳይበላ፣ አይጡም ሳይታደን ዋለ።

ያ ወጣት ቀበሮ ግን በልቡ ሌላ ሒሳብ ያዘ። «ሳልሰርቅ ሌባ ካሉኝ፣ ባልበላሁት ከምከሰስ በልቼ ልከሰስ» አለ። በሦስተኛው ቀን ከመንጋው ዳር አንድ ግልገል አንቆ አነሣ።

የእናቲቱ ጩኸት ገና ከአፏ ሳይወጣ ጭላዳዎቹ በላዩ ሰፈሩበት። ግልገሉን ጥሎ ፈረጠጠ። ሜዳውን አሻግረው አባረሩት። ሌላ ጊዜ ሊመለስ ቢሞክርም አላስጠጉትም፤ ከሩቅ እንዳዩት ተነሡበት።

ቁራ ደስ እንዳለው መደበቅ አልቻለም። አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ፤ አጀንዳውም አንድ ብቻ ነበር፦ ቀበሮ ሁሉ ከጓሳ ይውጣ። ጎረምሳው አውራ «ደግ ብሏል፤ ነገሩ የዘር ነው» አለ።

እማማ ጭላዳ ጠየቀችው። «ልጁን የነጠቀው ማን ነው?»

«ቀበሮ።»

«የትኛው ቀበሮ?»

ዝም አለ።

«እሱን አባረርነው፤ ደግ አደረግን፤ ቢመለስም አይገባም። እናቱ ግን ስንት ክረምት በመሀላችን ስትመላለስ የማንን ልጅ ነካች? በዘር ይሁን ካልክ አንተ ይህን ቤት ስትወርስ ምን እንዳደረግህ እናቶቹ ያውቃሉ። በዘርህ ሁሉ እንፍረድ?»

ጎረምሳው ከንፈሩን ሊገለብጥ ዳዳና ተወው።

ቁራ ተስፋ አልቆረጠም። «ሰዎች እኮ ሁሉን ነገር በስብሰባ ነው የሚጨርሱት!» አለ።

«ይህን ሣር ያቆዩልን ሰዎችም ይሰበሰቡ ነበር» አለች እማማ። «ሣሩ መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት፣ ማን ይጠብቀው ብለው ይመክራሉ፤ ከተስማሙ በኋላ እየቤታቸው ይገባሉ። የአንዱን አያት ከሌላው አያት ሲያፋጥጡ ቢውሉ ኖሮ እኔም አንተም የምናርፍበት ሜዳ አይኖርም ነበር።»

እዚህ ላይ ተረቱን ላንድ አፍታ ላቁመው፤ አሮጊቷ የምትናገረው ከባዶ አይደለም። አስቦና ጌራ የሚባሉ የመንዝ አባቶች ጓሳን በፈረስ ሩጫ ተካፈሉት ይባላል፤ ልጆቻቸውም ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ለ400 ዓመት ገደማ ጠበቁት። ስሙ ዛሬ ከምናውቀው ሌላ ነገር ጋር እንዳይምታታ፤ የመንዙ ቄሮ የሣር ሕግ ነው። በተመረጠ አለቃ እየተመሩ ሜዳውን ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉት ነበር። ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ሣር ያጭዱ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት አፈረሰው፤ የአገሬው ሰው ግን በሌላ መልክ፣ በኮሚቴ፣ መልሶ አቆመው። ሣሩ ዛሬም አለ።

ወደ ተረቱ ልመለስ። እማማ ጭላዳ ስብሰባውን ትታ ወደ ሜዳው ወረደች። ቀበሮዋ ከሩቅ ቆማ ነበር። አሮጊቷ ጀርባዋን ለቀበሮዋ ሰጥታ ተቀመጠችና ሣሯን መንጨት ጀመረች። ቀበሮዋ ቆየች፤ ከዚያ በዚያው በድሮው ዝግታ መጣች፣ አለፈች። ሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን ቶሎ አልለቀቁም። በመጀመሪያው ቀን አንዷ ለቀቀች፣ ሌላ ቀን ሌላዋ። ስንት ቀን እንደፈጀ ተረቱ አይናገርም፤ ብዙ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥርስ አንዴ ከተቆጠረ በኋላ አካሄድን መልሶ ማመን ጊዜ ይወስዳል።

ቁራ በመጨረሻ መጥቶ ጠየቃት። «እሺ፣ እሷ አይጧን ታገኛለች። እናንተስ ምን አተረፋችሁ?»

«እሷ ስትመጣ አንሮጥም» አለች እማማ ጭላዳ። «ያልሮጥንበት ቀን የበላንበት ቀን ነው።»

ቁራ ይህን ቃለ ጉባኤ ላይ አልጻፈውም።

ተረቱ ይኸው ነው፤ አሁን የትኛው እውነት እንደሆነ ልንገራችሁ። ተመራማሪው ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ በጓሳ ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ቀይ ቀበሮዎች በጭላዳ መንጋ መሀል ሆነው ሲያድኑ ከሙከራቸው 67 በመቶው ይሳካል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ 25 በመቶው ብቻ። ጭላዳዎቹ ከውሻ ይሸሻሉ፣ ከቀይ ቀበሮ ግን አይሸሹም። አንድ ቀበሮ አንድ ጊዜ ግልገል ነጥቆ በመንጋው ተባርሯል፤ ዳግም እንዳይመለስም ተከልክሏል፤ ሌሎቹ ቀበሮዎች ግን በመንጋው መሀል ማደናቸውን አልተዉም። አዋቂ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ 500 አይሞላም። ከተረቱ ውስጥ እኔ የጨመርኩት ስብሰባውን ነው።