ሰባተኛው ዘፈን ላይ ያለው ሙቀጫ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ ብሎኬት ነው ያለው። ጎረቤቶቻችን በርበሬ ሲያቁላሉ እኛ እናስነጥሳለን፤ እኛ ስናስነጥስ እነሱ «ይማርሽ» ይላሉ። የጎረቤቴ ልጅ ራፐር መሆኑንም ከእናቱ ቀድሜ ያወቅኩት ለዚህ ነው። እሷ ለጠየቃት ሁሉ «ኮምፒውተር ነው የሚሠራው» ትል ነበር። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት አንዷን ስንኝ አርባ ጊዜ ሲደጋግማት እየሰማሁ፣ ይሄ ልጅ ወይ ራፕ ጀምሯል ወይ ጸበል ያስፈልገዋል እል ነበር።

ስቱዲዮው ቁምሳጥን ነው። ውስጡን በብርድ ልብስ ለብጦ፣ ማይኩን ከማንጠልጠያው ጋር አስሮ፣ ጭንቅላቱን እዚያ ከትቶ ይቀዳል። አንድ ቀን ስኳር ልበደር ብገባ ግማሽ አካሉ ብቻ ውጭ ቀርቶ፣ ከኮትና ከጋቢ መሃል ሲጮህ ደረስኩ። እናቱ ፊቷ እንኳን ሳይለወጥ «ልብስ እየመረጠ ነው» አለችኝ።

ሁለት ዓመት ልብስ ከመረጠ በኋላ፣ የመጀመሪያ አልበሙን ሊለቅ መሆኑን ደረጃው ላይ ነገረን። «ኢንዲፔንደንት ነኝ» ሲል ጨመረበት። የእድራችን ዳኛ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁት። «ፕሮዲዩሰር የለኝም፤ የሚያስተዳድረኝ ሰው የለም፤ ሁሉንም በራሴ ነው የምወጣው ማለት ነው» አላቸው። ሰውዬው ደነገጡ፦ «እንዴ! እናትህ ቆማ እየሄደች?»

አስተዳዳሪ እንደሌለው በተሰማ በማግስቱ ግን ብሎካችን ሃያ አራት አስተዳዳሪ አፈራለት። አንዱ «ክራር አስገባበት» አለው። ሌላዋ «ቀስ ብለህ ተናገር፤ ማን ያሳድድሃል?» አለችው። የእድሩ ዳኛ ስለ እናት አንድ፣ ስለ አገር አንድ፣ ለሠርግ የሚሆን ደግሞ አንድ አዘዙ። እኔም ከማን አንሼ «ትንሽ ትዝታ ጣል ብታደርግበት» አልኩት፣ ጨው ያነሰው ወጥ ይመስል። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሁላችንንም እያዳመጠ ስልኩ ላይ ይጽፋል። ምክራችንን እየመዘገበ መስሎን ኮርተን ነበር። ለካ አምስተኛው ዘፈን ስለኛ ኖሯል።

ከታች ምድር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካያችን የራፕ ጠበቃ ነው። አሜሪካዊው ራፐር ኒፕሲ ሀስል ከተነሳማ ደንበኛው ግማሽ ጢሙን ይዞ ይጠብቃል። «አባቱ ኤርትራዊ ነው፤ ስሙም ኤርምያስ አስገዶም፤ የኛው ደም!» ብሎ ይጀምርና፣ በፈረንጆቹ 2013 ሰውዬው «ክሬንሾ» የተባለ ሥራውን በኢንተርኔት በነጻ ለቆ፣ በጎን 1,000 ሲዲ ብቻ አሳትሞ አንዱን በ100 ዶላር እንደሸጠ፣ ራፐሩ ጄይ ዚ ብቻውን 100 ሲዲ እንደገዛው ይተርካል። የመጀመሪያ አልበሙን «ቪክትሪ ላፕ»ን ያወጣው ደግሞ ከስንት ዓመት ልፋት በኋላ፣ በ2018 ነው። «አርቲስት ማክበር ማለት ይሄ ነው!» እያለ መቀሱን ያንቀጨቅጫል። የኛው ልጅ ተስተካክሎ ሲነሳ ግን ወደ ጆሮው ጠጋ አለና፣ «የኔን በፍላሽ አድርግልኝ፤ ለደንበኛ አጫውትልሃለሁ» አለው። የፀጉሩን ሂሳብ አንድ ብር ሳይቀንስ ተቀበለ።

ልጁ ራሱ አንድ ቀን የሂፕ ሆፕን ልደት አጫወተኝ። ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1965 በኛ አቆጣጠር። አንዲት ልጅ ለትምህርት ቤት አዲስ ልብስ መግዣ አጥታ በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ጭፈራ አሰናዳች፤ ወንድሟ ኩል ኸርክ ሸክላ አጫወተ። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50። አስቡት፣ ጎረቤት ለጎረቤት ከፍሎ ገባ! እኛም እኮ መክፈል አያቅተንም፤ ከዚያች ቀን ስምንት ቀን ቆይቶ በሚመጣው ቡሄ፣ በራችን ላይ ዱላ እየመቱ ለሚጨፍሩ ሕፃናት ብር እንሰጣለን። ሁለት ዓመት ቁምሳጥን ውስጥ ላላበው ግን «በርታ» ነው የምንሰጠው። «በርታ» ደግሞ የትም ሱቅ አይመነዘርም።

አልበሙ ዓርብ ሌሊት በስድስት ሰዓት ተለቀቀ። ዋጋው ከሁለት ማኪያቶ አይበልጥም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የብሎካችንን ቴሌግራም ከፈትኩ፤ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ለመነጋገር ያቋቋምነው ነው። «ውሃ መጥቷል፣ ባልዲ አውጡ» ከሚለው ሥር አስራ አንዱም ዘፈን በተራ ተሰድሯል። ከሥሩ ልብ፣ እሳት፣ ጭብጨባ፤ «ልጃችንን እናበረታታ፣ ሼር አድርጉ!» የጫነው ማን ይመስላችኋል? እናቱ። «ሰው ይስማልኝ ብዬ ነዋ!» አለች።

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው፤ እኛ ሰፈር ግን ገና አራተኛ ፎቅ አልደረሰም፤ ሊፍት የለንማ። በሰው ለመፍረድም አፍ የለኝም። በልጅነቴ ያላለቀ ካሴት በቦርሳዬ ይዤ ሙዚቃ ቤት ሄጄ አስቀዳ ነበር። የአባቴን የስብከት ካሴት ቀዳዳዎች በወረቀት ደፍኜ ዘፈን የቀዳሁበትም እኔው ነኝ። አባቴ እሁድ ጠዋት ስብከት ብለው ሲከፍቱ የተሰማውን አልናገርም። ያን ቅዳሜም እጄ አላረፈም፤ አልበሙን ዋሽንግተን ላለችው እህቴና ዱባይ ላለችው የአክስቴ ልጅ ላክሁላቸው። ከሥሩም «የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ እንኮራበታለን፤ እንዳትገዙ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ቡናዬን እየጠጣሁ ማዳመጥ ጀመርኩ። ሰባተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ ሲኒው ከአፌ ላይ ቀረ። ከከበሮው ኋላ ዱቅ፣ ዱቅ፣ ትንሽ ቆም፣ ዱቅ ይላል። ያቺ ቆም የምትለዋ እኔ ያልደቀቀውን ወደ መሃል ስሰበስብ ነው። ሙቀጫዬ!

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተሻገርኩ። ልጁ እየሳቀ፣ «አዎ እትዬ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ይጨርሳሉ ብዬ ብጠብቅ ቡናዎ አላልቅ አለኝ። በመጨረሻ ቢቱን በእርስዎ ላይ ሠራሁት» አለኝ።

ኩራቱ ራሴ ላይ ወጣ። «ታዲያ የኔ ድርሻ የታለ? እኔም እኮ አርቲስት ነኝ!» አልኩት።

«በሽያጩ ልክ ይደርስዎታል» አለኝ በትሕትና። «ለመሆኑ እትዬ፣ ከየት ገዝተው ነው የሰሙት?»

«ስኳር ልበደር ነበር የመጣሁት» አልኩት።