ጫጩትን እንቁላል ውስጥ የማስቀረት ጥበብ

የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዝተዋል፤ ወይም ከተበላሸ ፍሪጅና ከአምፖል ራስዎ ሠርተዋል። እንኳን ደስ አለዎ! 21 ቀን ጠብቀው አንድም ጫጩት እንዳያዩ የሚከተለውን ይፈጽሙ።

አንደኛ፣ የእርጥበት መለኪያ አይግዙ። እጅዎን ከተው «ወበቅ ወበቅ ይላል» ካሉ ይበቃል። ከገዙም አይፈትሹት። በጥቂት ውሃ የራሰ የገበታ ጨው ከመለኪያው ጋር በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ለሰዓታት ቢቆይ 75 በመቶ ማሳየት አለበት የሚል ሰው ቢመጣ፣ «ጨው ለወጥ ነው» ብለው ያሳፍሩት።

ሁለተኛ፣ በውሃ አይሰስቱ። እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ይበቃል የሚል ሰው ካለ አይስሙት። ክዳኑ እስኪያልበው ይሙሉ። እንቁላል በቅርፊቱ ቀዳዳዎች እርጥበት ያስወጣል፤ መነሻው 60 ግራም የነበረው በ18ኛው ቀን 53 ግራም ገደማ ሊሆን ይገባል። እርስዎ ግን ሚዛን አያስጠጉ። ክብደቱ ካልቀነሰ በወፍራሙ ጫፍ ያለው የአየር ኪስ ጠባብ ሆኖ ይቀራል፤ ጫጩቱም የመጀመሪያዋን ትንፋሽ የሚስብበት ያጣል። ውሃ አጠጣሁ ሲሉ አሰጠሙት ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ከ18ኛው ቀን በኋላ እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ ከፍ ማለት ሲገባው፣ ያኔ ይሰስቱ። «ጨምር» ካሉዎ በጠባብ ብርጭቆ እስከ አፉ ሞልተው ያስቀምጡ። እርጥበት የሚሰጠው የውሃው ጥልቀት ሳይሆን ለአየር የተጋለጠው ገጹ ስለሆነ፣ ሰፊ ሳህን ጠላትዎ ነው።

አራተኛ፣ ክዳኑን ይክፈቱ። በ21ኛው ቀን ማለዳ ከቅርፊቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ስንጥቅ ይታያል፤ ውስጡም «ጭው፣ ጭው» ይላል። ቶሎ ከፍተው ፎቶ ያንሡ፣ ጎረቤት ይጥሩ፣ ደግመው ይክፈቱ። እርጥበቱ በወጣ ቁጥር ስሱ ሽፋን ደርቆ ጫጩቱ ላይ እንደ ወረቀት ይጣበቃል። ያኔ አዝነው በጥፍርዎ ይላጡት፤ የደም ሥሮቹ ገና ስላልደረቁ ይደማል። ቀድመው የወጡትንም «ራባቸው» ብለው ያውጧቸው። ከአስኳሉ የተረፈው ለአንድ ቀን የሚበቃ ስንቅ መሆኑን ማን ሊነግርዎ?

የታቀፈች ዶሮ መለኪያም ብርጭቆም የላትም። ጥቂት ልትበላ ትነሣለች፣ ትመለሳለች፣ ትተኛበታለች። ምክሬን ተከትለው ጫጩት ከወጣልዎ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ክዳኑን ዘግተው መታገስዎን ይመርምሩ።