«እንደውልልዎታለን»

መገናኛ ካለው ቢሯችን ደረጃ ላይ ሰው መሰለፍ የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ቢሮው የሚከፈተው 2 ሰዓት ተኩል መሆኑን በሩ ላይ ለጥፈናል፤ ግን ቀድሞ የመጣ ቀድሞ የሚቀጠር ይመስለዋል ሰው። ሦስተኛ ፎቅ እስክደርስ ከግራም ከቀኝም «እንደምን አደርሽ እህቴ» እየተባልኩ ነው የምወጣው። ሁሉም የያዙት አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ የላስቲክ ማኅደር፣ ውስጡ የትምህርት ማስረጃ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ካለም የሥራ ልምድ። ዝናብ ሲጥል ማኅደሩን ሸሚዛቸው ውስጥ ይከቱታል። ሰውየው ይበሰብሳል እንጂ ወረቀቱ ጠብታ አይነካውም።

እኔ ሠራተኛ በሚያቀርብ ትልቅ ኤጀንሲ ውስጥ የቅጥር ባለሙያ ነኝ። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ባንኩም ፋብሪካውም ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ሹፌር ወይም ተላላኪ ሲፈልግ ለእኛ ይነግረናል። መልምለን የምንቀጥረው እኛ ነን፤ ደመወዝ የምንከፍለውም እኛ ነን፤ ከደመወዙ 7 በመቶ ጡረታ ቆርጠን፣ በአሠሪ በኩል 11 በመቶ ጨምረን ገቢ እናደርጋለን። ሰውየው ግን ቀኑን ሙሉ የሚውለው ሌላ ሰው ግቢ ነው። አባቴ ይህን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ «ታዲያ ደላላ ነሽ ማለት ነው?» አለኝ። አልፈርድበትም፤ በሕጉ ያለን ስም ራሱ «የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ» ነው፤ ማገናኘት ደግሞ የደላላ ሥራ ነው። ግን ደላላ አገናኝቶ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል፤ እኛ ሠራተኛው ሲታመምም ሲጎዳም የምንጠየቅ አሠሪዎች ነን። ከሥራ ፈላጊ ደግሞ ሳንቲም አንቀበልም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ኮንቬንሽን ቁጥር 181 ኤጀንሲ ከሠራተኛ ክፍያ መውሰድ እንደሌለበት ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1999 አጽድቃዋለች። ለመመዝገቢያ፣ ለፎርም፣ ለምናምን ብር አምጣ የሚላችሁ ካለ ወጥታችሁ ሂዱ።

ይህን ስል ሁሉም ነገራችን ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። አንድ የጽዳት ሠራተኛ «ድርጅቱ ለእኔ ብሎ ለእናንተ ስንት ይከፍላችኋል?» ብላ ጠይቃኛለች። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ የመናገር ፈቃድ ግን የለኝም። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ ስለዚህ በዚያ ቁጥርና እጇ ላይ በሚገባው መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ መብቷ ነው ብዬ አምናለሁ። ያን ዕለት መሬት መሬት እያየሁ ዝም አልኳት።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

የዛሬ አራት ዓመት ነው። አንድ ደንበኛ ሕንፃ ሊያስመርቅ ስለነበር በአሥር ቀን ውስጥ 45 ጥበቃ አቅርቡልኝ አለ። ሥራ ፈላጊ ሞልቷል። ሁልጊዜ የሚያስቸግረን ተያዥ ነው። ጥበቃ ለመሆን፣ ገንዘብ ያዥ ለመሆን፣ ደመወዙ በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የተረጋገጠለት ሰው መጥቶ «ዋስ ነኝ» ብሎ መፈረም አለበት። ንብረት ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። ትናንት ከገጠር የመጣ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ደመወዝተኛ ዘመድ ከየት ያመጣል? ገንዘብ ተቀብለው ለማያውቁት ሰው ተያዥ የሚሆኑ እንዳሉ በሙያው ያለን ሁላችን እናውቃለን። ስንት ታማኝ ሰው በዚህ ወረቀት ምክንያት ከደረጃው ሲመለስ አይቻለሁ፤ አሠራሩ ሌባን ከታማኝ አይለይም፤ ዘመድ ያለውን ከሌለው ነው የሚለየው።

ከ45ቱ አንዱ የቀድሞ ወታደር ነበሩ፣ ሃምሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው። ለቃለ መጠይቅ ሲገቡ ካልተቀመጡ በስተቀር ጥያቄ አልጀምርም እስክላቸው ድረስ ቆመው ነበር። ተያዣቸው የባለቤታቸው የአጎት ልጅ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ደብዳቤውን ለማጻፍ ብቻ ደጋግመው ተመላልሰዋል። ሁሉንም አሟልተው ነበር። «ጋሼ፣ አልፈዋል፤ እንደውልልዎታለን» አልኳቸው።

ይህችን ቃል እኔም አውቃታለሁ። ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜያለሁ። ረቡዕና እሑድ ሪፖርተር ሲወጣ ጋዜጣውን ለአራት ተካፍለን እናነብ ነበር፤ የሥራ ማስታወቂያውን ገጽ ማን መጀመሪያ ይያዝ እየተባባልን። አሥራ አንድ ቦታ ተፈትኜ አሥራ አንዱም «እንደውልልሻለን» ብለውኛል። የደወለልኝ የለም። መታጠቢያ ቤት ስገባ እንኳ ስልኬን ለታናሽ እህቴ ሰጥቼ ነበር የምገባው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ያችኑ ቃል በቀን ሠላሳና አርባ ጊዜ መናገር ጀመርኩ።

የሥራ ፈላጊዎቹን ዝርዝር የምይዘው በኤክሴል ነበር፦ ስም ከነአባት፣ ስልክ፣ የሥራ መደብ። የአያት ስም አልነበረበትም። እንግዲህ በእኛ አገር ሰው የሚለየው በአባቱና በአያቱ ነው፤ ከ2 ሺህ በላይ ስም ባለበት ዝርዝር አያትን መተው ምን እንደሚያመጣ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። የእኝህ ሰው ሞክሼ፣ ስሙ እስከ አባቱ ድረስ ከእሳቸው ጋር አንድ የሆነ የ22 ዓመት ልጅ፣ ለጫኝና አውራጅ ተመዝግቦ ነበር። ልጁ የደብረ ብርሃን ሰው ነው።

በዘጠነኛው ቀን ማታ 45 ሰው ጋ መደወል ነበረብኝ። መጨረሻ ላይ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ስሙን ፈለግሁ፤ መጀመሪያ የመጣልኝን ቁጥር ደወልኩ። «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይቱ ላይ ይገኙ፤ መታወቂያዎን እንዳይረሱ» አልኩ። «እሺ፣ እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ የወጣት ድምፅ። ልጃቸው አንስቶት ይሆናል ብዬ ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ።

ልጁ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ በሰዓቱ ደረሰ። የሳይቱ ተቆጣጣሪ መታወቂያውን ከዝርዝሩ ጋር አመሳከረ፤ ስሙ ልክ ነው። የደንብ ልብስ ተሰጠው። ልብሱ ለትልቅ ሰው የተለካ ስለነበር እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፎ በር ላይ ቆመ። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ዋስትና ግን የመምህሩ ነው። መምህሩ በዓይኑ አይቶት ለማያውቀው ልጅ ደመወዙን አስይዞ ነበር፤ ያወቀ ግን አልነበረም።

ሃያ ሁለት ቀን አለፈ። አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሼን ደረጃው ላይ አየኋቸው። እንደሌላው አልተሰለፉም፤ ጥግ ይዘው ቆመዋል። ለምን አልደወላችሁም አላሉኝም። ከኪሳቸው ትንሽ ኖኪያ አወጡና «ልጄ፣ ይቺ ስልክ ተበላሽታብኝ ይሆን እንዴ ብዬ ነው። እስቲ ደውዪልኝ፣ ትጠራ እንደሆነ ልያት» አሉኝ።

ቁጥሩን ከዝርዝሩ አውጥቼ ደወልኩ። በእኔ ጆሮ ይጠራል። እጃቸው ላይ ያለችው ስልክ ግን ዝም ብላለች። ሁለታችንም እሷን እያየን ነው። ሦስተኛው ጥሪ ላይ ተነሣ። «አቤት እህቴ፣ በር ላይ ነኝ» አለኝ ወጣቱ።

«ጠራ?» አሉኝ።

የሆነውን ነገርኳቸው። ሌላ ቁጥር እንደደወልኩ፣ ቦታቸው ላይ ሌላ ሰው እንደቆመ። ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው ስልኬ ደኅና ናት» አሉ። ያን ሁሉ ቀን የጠረጠሩት ስልካቸውን ነበር፤ እኔን አልነበረም። ማታ ማታ ደረታቸው ላይ አድርገዋት ይተኙ እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው።

ኃላፊዬ ነገሩን ቀላል አድርጎ አየው። 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜው ስላላለቀ ልጁን ማሰናበት እንችላለን፤ ካልሆነም ደንበኛው ስላላጉረመረመ ወረቀቱን አስተካክለን እንተወው አለ። ወረቀት ማስተካከል ማለት የመምህሩን ዋስትና እንደነበረ መተው ነው። አልፈርምም አልኩ። ለመምህሩም ራሴ ደውዬ ነገርኩት።

ልጁን አስጠርቼ «ለጫኝና አውራጅ ተመዝግበህ ጥበቃ ሲሉህ ለምን አልጠየቅክም?» አልኩት።

«ጠይቄ ቢቀርብኝስ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ተያዥ እንዲፈልግ አንድ ሳምንት አስፈቀድኩለት፤ አላገኘም። እኔ ልሁንለት ብል የድርጅቱ ሠራተኛ ተያዥ መሆን አይችልም ተባልኩ። ቃሊቲ ካለ መጋዘን የጫኝና አውራጅ ቦታ ተፈልጎለት ሄደ። ያገለገለበት ቀን በሙሉ ተከፍሎታል። የደንብ ልብሱን አጥቦ፣ አጣጥፎ፣ በፌስታል አድርጎ መለሰ። ጋሼ በቦታቸው ገቡ፤ እስካሁንም እዚያው ናቸው። የጠበቁበትን ጊዜ ግን የካሳቸው የለም። ጠይቄላቸዋለሁ፤ ላልተሠራ አይከፈልም ተባለ። ያ ገንዘብ የአንድ ቤት የወር አስቤዛ ነው፤ ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ።

አሁን ዝርዝሬ ላይ ስም እስከ አያት ይጻፋል፤ ስልክም ሁለት ቁጥር፣ ፊት ለፊት ተደውሎ ተሞክሮ። ሌላም ነገር ጀመርኩ፤ ማንም አላዘዘኝም። ወርኃዊ ሪፖርታችን የሚቆጥረው ስንት ሰው እንዳሰማራን ነው፤ ስንት ሰው መልስ እንዳጣ አይቆጥርም። ስለዚህ ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ላላለፉት እደውላለሁ። የሚቆጣኝ አለ፤ ያለቀሰችም አለች። አንዲት ሴት ግን ልብስ አጠባ ስትጠራ ምናልባት ኤጀንሲው ይደውልልኝ ይሆናል እያለች ሦስት ቤት ሳትሄድ እንደቀረች ነገረችኝ። «እንኳን ቁርጡን ነገርሽኝ፤ ነገ እሄዳለሁ» አለች።

ሰው የምትቀጥሩ ባልደረቦቼ፣ አልሆነም ለማለትም ደውሉ። አንዱ ጥሪ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።