ቆቦ ተቀምጦ ልቦለድ ለሚያነብ እንግዳ የተሰጠ ምክር

ለሥራ ቆቦ ተመድበሃል እንበል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፤ ሙቀቱ ውሻውንም ከጥላ አያስወጣው። አንተም ልቦለድ ይዘህ ጋደም ብለሃል። ባለታሪኩ ራያ ነው። አፉን ሲከፍት ከአማርኛው መሀል ትግርኛ ይገባል፣ ኦሮምኛም ጣል ያደርጋል። እንዴት ትወጣዋለህ?

ከሁሉ በፊት ሰው አትጠይቅ። ቆቦ ላይ ይህ ከባድ ፈተና ነው፤ በየደጁ የሚያውቅ ሰው ተቀምጧል። ቡና የምታፈላው ሴትዮ ከትግርኛ ወደ አማርኛ የምትሻገረው ሳይታወቃት ነው። በገበያ ቀን ከዞብል ማዶ ግመሉን እየነዳ የሚመጣው አፋርማ ጭራሽ አይሞከርም። በዳጉ ያደገ ሰው ነው፤ መንገደኛ ሲያገኝ ቁጭ ብሎ ያየውን መናገር፣ የሰማውን መቀበል ወጉ ነው። ከእነዚህ አንዳቸውን ብትጠይቅ ቃሉ ወዲያው ይፈታልሃል። ታዲያ ሊቅነትህ ምኑ ላይ ሊታይ ነው?

ይልቅ ጆሮህን እመነው። አማርኛ የሚመስል ሁሉ አማርኛ ነው። ባለታሪኩ የሚወዳትን ልጅ «ሎሚ ናብ ገዛ ንዒ» ይላታል። በትግርኛ «ዛሬ ወደ ቤት ነይ» ማለቱ ነው። አንተ ግን «ሎሚ» አለ፣ «ገዛ» አለ፤ በቃ ሎሚ ገዛ። ሎሚ ደግሞ በጥምቀት ለኮረዳ የሚወረወር ነውና ትዕምርት አገኘህ ማለት ነው፤ ሦስት ገጽ ሐተታ ይወጣዋል። በሚቀጥለው ምዕራፍ «ሕጂ ንዒ» ሲላት፣ «አሁን ነይ» መሆኑን ትተህ «ሂጂ» ብለህ አንብበው። ልጅቱ እየሳቀች ትመጣለች። ሂጂ ሲሏት የምትመጣ ሴት! «የገጸ ባሕርይ አሳሳል ድክመት» ብለህ ኅዳጉ ላይ ጻፍ። ኦሮምኛው ሲመጣም አትደናገጥ። አያትየው ልጁን «ኮቱ» ብለው ሲጣሩ «ና» ማለታቸው አይደለም፤ ኮታቸው ጠፍቶባቸው ነው። በዚያ ሙቀት ኮት ለምን አስፈለጋቸው? እሱን ደራሲው ይመልስ።

ቃሉ አማርኛ መምሰል እምቢ ካለ እርሳስ አንሳና አርመው። «መንደሩ ወዳጃ ተቀመጠ» የሚል ካየህ የፊደል ግድፈት ነው፤ «ወዳጄ ተቀመጠ» በለውና እለፍ። ወሎዬው ዝናብ ሲጠፋ፣ ሰው ሲታመም፣ ቡናው ተፈልቶ ጫቱ ቀርቦ በጋራ ዱዓ የሚያደርግበትን ጉባኤ በአንዲት ፊደል ከልቦለዱ አስወጣኸው። ሁለት ገጽ ዝቅ ብሎ ዝናቡ ሲወርድ ሰዉ ለምን እልል እንደሚል አይገባህም። ግድ የለም፣ ሴራው ላልቷል በል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ልጃገረዶቹ «ሶለል» ሲሉ ደግሞ ሶላር ለማለት ነው፤ ቆላ አይደል፣ ፀሐይ ሞልቷል። ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ የሚባለው ጨዋታ በራያ ቆቦ ስሙ ሶለል መሆኑን ማንም እንዳይነግርህ።

ርዕስም አያምልጥህ። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታሪኩ የሚፈጸመው አሥመራ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ መጥቶ አሥመራ የቀረ ነው፤ «አበቃ፣ ከእንግዲህማ ምን ይደረጋል» ዓይነት ስሜት አለው። አንተ ከኦሮሞ ጋር አያይዘው። ኦሮሞውን ስትፈልግ የመጨረሻው ገጽ ላይ ትደርሳለህ፤ ማንበብ ይሉሃል ይሄ ነው።

በዚህ ሙያ ብቻህን አይደለህም፤ ኒውዚላንድ ውስጥም በማኦሪ ቃላት ላይ እንዲህ የሚራቀቅ አንባቢ አይጠፋም። ኬሪ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1985 የቡከርን ሽልማት ያገኘችበት «ዘ ቦን ፒፕል» ከኋላው የማኦሪ ቃላት መፍቻ አለው፤ መድኃኒቱ እዚያ ድረስ አለመግለጥ ነው። ፓትሪሻ ግሬስ ግን እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው «ፖቲኪ» መፍቻ የሚባል ነገር አላስገባችም። ማኦሪው በገዛ ቋንቋው እንደ እንግዳ ለምን ይተረጎምለታል? (በእኔ ቤት ሴትዮዋ ትክክል ናት። አሁን ግን ምክር እየሰጠሁ ነው።)

አንተ መፍቻ ጠይቅ። ለአሳታሚው ደብዳቤ ጻፍ፤ ትግርኛው፣ ኦሮምኛው፣ የራያው አማርኛ ሁሉ በሚቀጥለው ዕትም ግርጌ ላይ ካልተፈታ አንባቢ እንደሚያጣ አስጠንቅቀው። የሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም አማርኛ ግን አይነካ፣ እሱ ሥነ ጽሑፍ ነው። «ፕሮጀክት»፣ «ስትራቴጂ»፣ «ወርክሾፕ» የሚሉትንም ከዝርዝሩ አውጣቸው፤ እነሱ አማርኛ ናቸው።