ውዳሴ ሞኝ ወላጅ

ከምባታ ውስጥ፣ ዳምቦያ ላይ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ አባርቷል፤ ጭቃው ግን ገና አልጠነከረም። አንድ አባት የሦስት ዓመት ሴት ልጁን እሽኮኮ አድርጎ በመንገዱ ዳር ይሄዳል። ልጅቷ የእንሰት ቅጠል እንደ ጃንጥላ ዘርግታለች። አባትየው ጥቂት ሄዶ ቆም ይልና "ዘነበብን ወይ?" ይላታል። "ዘነበ!" ትለዋለች። ይሄኔ ጎንበስ ብሎ ከሌለው ዝናብ ለማምለጥ ይሮጣል። ሱቅ ደጃፍ የተቀመጡት ሰዎች ያዩታል። አንደኛው ራሱን ነቅንቆ "ሞኝ" ይላል።

ቃሉን አልቃወምም። ሞኝ ይባል። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ያንን ሞኝ ለማመስገን ነው። በአገራችን ለብልህ የተነገረው ምስጋና ብዙ ነው፤ ለሞኝ የተረፈው ተረትና ምሳሌ ብቻ ነው። ልጅ በማሳደግ ነገር ግን ሰፈር የሚስቅበት ወላጅ ከሁሉ የሚከብደውን ሥራ እየሠራ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ሞኝነቱንም አንድ በአንድ ልቁጠርለት።

የመጀመሪያው ሞኝነት መልስ ከማይሰጥ ሰው ጋር ማውራት ነው። አያት የአራት ወር ሕፃን አጥባ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ጭኗ ላይ አስተኝታ "ማን ነው የራበው? አንተ ነህ? እና ከዚያስ?" ትለዋለች። ሕፃኑ "አጉ" ይላል። "እውነትህን ነው" ትለዋለች፤ ቀጥላም ሌላ ትጠይቀዋለች። በአጠገቧ የሚያልፍ ሰው "ምን ይገባዋል ብለው ነው?" ይላታል። እሷ ግን ጥያቄዋን ጠይቃ ዝም ትላለች፤ ተራውን ትጠብቅለታለች። ሕፃኑ ገና ቃል ሳይኖረው ተራ አለው። የሰው ልጅ ንግግር የሚጀምረው ከዚህ ተራ ነው።

አያቲቱ ብልህ ብትሆንና ዝም ብትል ምን ይሆን ነበር? ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንኑ በሙከራ አሳይቷል። እናት ከሕፃኗ ጋር ስትጫወት ቆይታ ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን እንደ ድንጋይ ታደርጋለች፤ አትስቅም፣ አትመልስም። ሕፃኑ በመጀመሪያ ይስቅላታል፤ ድምፅ ያወጣል፤ እጁን ይዘረጋል። ያለውን ሁሉ ከሞከረ በኋላ ፊቱን ያዞራል፤ ያለቅሳል። በዚያ ክፍል ውስጥ ወተትም ልብስም አልጎደለም። የጎደለው የእናቱ ሞኝነት ነው። ዛሬ ይህ የድንጋይ ፊት በየቤታችን አለ። ልጁ "አባዬ፣ እይ!" ሲል ዓይኑ ከስልኩ ሳይነሳ "እሺ፣ እሺ" የሚል አባት ፊት ነው።

አባባ ተስፋዬን ያየ ትውልድ ይህን ነገር ያለ ጥናት ያውቀዋል። ተስፋዬ ሳህሉ ለአርባ ዓመታት ገደማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን ሰላም ሲሉ በየቤቱ ካሉት ልጆች አንዱንም አያዩም ነበር። ሆኖም ይጠይቁና ዝም ይሉ ነበር፤ መልሱን ይጠብቁ ነበር። እኛም በየቤታችን ከመቀመጫችን ተነስተን እጅ እንነሳቸው ነበር። አንድ ትልቅ ሰው ለማያያቸው ልጆች ተራ ሰጠ፤ ልጆቹም ሰው መሆናቸው ተሰማቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ያ ተራ የተሰጠው ትውልድ ነው።

ሁለተኛው ሞኝነት መደጋገም ነው። "የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ" ይባላል። ልጅም በየማታው ያንኑ የጅብና የአህያ ተረት ትጠይቃለች። ተረቱን ታውቀዋለች፤ ጅቡ የት ላይ እንደሚመጣ ታውቃለች። ደክሟችሁ አንዷን ቦታ ብትዘሉ "እንደሱ አይደለም!" ብላ ታርማችኋለች። ለትልቅ ሰው ይህ አሰልቺ ነው። ለእሷ ግን በየቀኑ አዲስ ነገር በሚገጥማት ዓለም ውስጥ ትናንት የነበረው ዛሬም መኖሩን ማረጋገጫዋ ነው። ተረቱን ለመቶኛ ጊዜ ሳያሳጥር የሚነግር ወላጅ ለልጁ "ያልኩሽን አልለውጥም" እያላት ነው። እምነት የሚሠራው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ሞኝነት ልጅን በሥራ ማሳተፍ ነው። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" እንላለን፤ እውነት ነው፣ አይበቃም። እናት እንሰት ስትፍቅ የአራት ዓመት ልጅ አጠገቧ ቁጭ ብላ "እኔም" ትላለች። ብልህ እናት "ሂጂ፣ ሥራ አታስፈቺኝ" ትላታለች፤ ሥራዋም ቶሎ ያልቃል። ሞኟ እናት ግን ቁራጭ ቆርጣ፣ የማይቆርጥ እንጨት ሰጥታ "ፋቂ እስቲ" ትላታለች። ልጅቷ የፋቀችው ለቆጮ አይሆንም፤ የተበተነውን መልሶ መልቀም ራሱ ሌላ ሥራ ነው። ያ እንጨት ግን የዚያች ልጅ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቷ ነው። ኢትዮጵያ የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን "ኦ ክፍል" የሚባለው በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። እናት ግን ከዚያ በፊትም በየጓሮው ኦ ክፍል ከፍታ ኖራለች።

የእንሰት አገር ሰው ይህን ትዕግሥት ሊያጣው አይገባም። እንሰት ዛሬ ተተክሎ ነገ አይበላም። ችግኙ ከቦታ ቦታ ይነቀላል፣ ይተከላል፤ ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ይፈጃል። ከተፋቀም በኋላ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል። ለአንድ ተክል ይህን ያህል ዓመት መታገሥ የሚያውቅ ማኅበረሰብ የአራት ዓመት ልጅ ጫማዋን ራሷ እስክታጠልቅ ድረስ ደጃፍ ላይ አሥር ደቂቃ መቆም አያቅተውም።

አራተኛው ሞኝነት መሸነፍ ነው። ድብብቆሽ ላይ ልጁ በር ጀርባ ተደብቋል፤ እግሩ ግን በሙሉ ይታያል። አባት "ኩኩሉ?" ይላል፤ "አልነጋም!" የሚለው ድምፅ ከበሩ ጀርባ ይመጣል። አባት ምጣዱን ያነሳል፣ ጆንያውን ይከፍታል፣ ማድጋው ውስጥ ያያል፤ "የት ገባ ይህ ልጅ?" ይላል። ልጁ ከሳቁ ብዛት በሩን ያንቀጠቅጠዋል። ይህ አባት የሚያየውን እንዳላየ በማድረጉ ልጁ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ይማራል፤ ብደበቅ የሚፈልገኝ ሰው አለ።

አምስተኛው ሞኝነት ከሩቅ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ብዙ ወጣቶች ድንበር አቋርጠው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። በሆሳዕናና በዱራሜ ብዙ ቤት የቆመው ከዚያ በተላከ ገንዘብ ነው። በየቤቱ ታዲያ አባቱን በስልክ ብቻ የሚያውቅ ልጅ አለ። ማታ ስልኩ ይጮኻል። እናት ስልኩን ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጆሮ ላይ ታደርጋለች። ሕፃኑ ስልኩን ይልሰዋል። በወዲያኛው ጫፍ ሰውየው ሱቁን ዘግቶ "አባቴ፣ አባቴ፣ እኔ ነኝ" ይላል። የሚመጣለት ትንፋሽ ብቻ ነው። ሒሳብ ለሚያሰላ ሰው ይህ የካርድ ብክነት ነው። እኔ ግን ከተላከው ገንዘብ ሁሉ ይህ ትንፋሽ የተሰማበት ደቂቃ ይበልጣል እላለሁ። ቤቱ በገንዘቡ ይሠራል፤ ልጁ ግን አባት እንዳለው የሚያውቀው በድምፁ ነው። እዚህ ያለነው አባቶች ደግሞ ከዚያ ሰውዬ የምንማረው አለን። እሱ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ለሕፃኑ ያወራል፤ እኛ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ መሄድ ያቅተናል።

ስድስተኛው ሞኝነት የአያት ቋንቋ ነው። በከተማው ቤት "ልጁ እንዳይደነጋገርበት" ተብሎ አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ይነገረዋል። አያት ግን በከምባትኛ መቀጠሏን አትተውም። በከምባታ የቀድሞ እናቶች ዘንድ ባሊሻ የሚባል ወግ ነበር። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም ነበር፤ ከስማቸው መነሻ ጋር የሚመሳሰለውን ቃል ሁሉ ትታ በሌላ ቃል ትተካው ነበር። ይህን ወግ የያዘች አያት ባለችበት ቤት ያደገ ልጅ አንዱን ነገር በሁለት ስም ይሰማል። ከቋንቋው ጋር ቃል ሰውን ማክበሪያ እንደሆነም ይማራል። ከምባትኛ ዛሬ በላቲን ፊደል ተጽፎ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ፊደሉ ግን የሚያነበው የአያቱን ድምፅ ቀድሞ የሰማ ልጅ ሲኖር ነው።

"ይህ ሁሉ ለጠገበ ሰው ነው፤ ድሃ ለጨዋታ ጊዜ የለውም" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ መልሱም እንደዚያው መመዘን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ለእነዚህ ልጆች ምግብና ጤና ይቀድማል። ሆኖም በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች የሆነውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ከ9 እስከ 24 ወር የሆናቸው 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ለጥናት ተመረጡ። ከእነርሱ ገሚሶቹ ቤት የጤና ሠራተኞች በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ለ2 ዓመት እየሄዱ እናትና ልጅ እንዴት እንደሚጫወቱና እንደሚያወሩ አሳዩ። መጫወቻዎቹ ቤት ውስጥ ከሚጣል ዕቃ የተሠሩ ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ ሲታዩ የጨዋታው ተካፋዮች ገቢ ካልተካፈሉት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ያ የሰፈር ሳቅ የበዛበት የሞኝ ጨዋታ ደመወዝ ሆኖ ተመለሰ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የልጅ እንክብካቤ ማዕቀፍ ከአምስቱ ምሰሶዎች አንዱ ያደረጉት ለልጅ ጥሪ ምላሽ መስጠትን ነው።

ሞኝነት ግን ልቅነት አይደለም። እሳት ሲነካ "ተው!" የማይል ወላጅ ሞኝ አይደለም፣ ግድ የለሽ ነው። እኔ የማመሰግነው የሚከለክለውን የሚያውቀውን፣ ነገር ግን ከከለከለ በኋላ ለመጫወት የሚንበረከከውን ነው። ልጅ "አይሆንም" የሚለውን የሚቀበለው አብሮት ከሳቀ አፍ ሲሰማው ነው።

አባቶች ሆይ፣ ይህ ቃል ይበልጥ ለእኛ ነው። እናትና አያት ይህን ሞኝነት ተሸክመውት ኖረዋል፤ እኛ ብዙዎቻችን ሰው ምን ይለኛል ብለን ሸሽተናል። ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጡ። ልጃችሁ ከበር ጀርባ እግሩን አሳይቶ ሲደበቅ ማድጋውን ክፈቱና ፈልጉት። ሱቅ ደጃፍ ያለው ሰው ይሳቅ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይላሉ አባቶቻችን። ልጅን በተመለከተ ይህ ተረት ስድብ ሊሆን አይገባም። ያዙት፣ አትልቀቁት።